አደጋን መተንበይና ሰውን መጠየቅ
በአምስት ኪሎ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ስለ ሕሙማንና ስለ ጤና ጣቢያ መናገር ቦታውን የሳተ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የዛሬው ርእስ ከሁለት ሙያ የተወጣጣ ነው። «ራስን የማጥፋት አደጋ ግምት» ከሚለው የሕክምና ሐረግ ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል የሐኪሙ ነው፤ «የአደጋ ግምት» የሚለው ግን በአምስት ኪሎ ለብዙ ትውልድ ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው። ድልድዩ ስንት ጭነት ይሸከማል፣ ግድቡ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ጎርፍ ይችላል፣ የምድር መንቀጥቀጥ በየትኛው ቀጠና ይበረታል ብሎ ያልጠየቀ መሐንዲስ የለም። ሐኪሞች ይህንን ሐሳብ ተውሰው ለሰው ነፍስ ሊሠሩበት ሞከሩ፤ ከአምሳ ዓመት ሙከራ በኋላም ስሌቱ እንዳሰቡት አልሆነላቸውም። ለምን እንዳልሆነላቸውና በምትኩ ምን እንደሚጠቅም ማወቅ ለሐኪሙ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ ከሚጠቅመው ነገር ጥቂት የማይባለው በመሐንዲስ እጅ የሚገኝ ነውና።

በቅድሚያ ስለ ነገሩ ስፋት ጥቂት ቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ ከ720,000 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጥፍተዋል። ከመቶው ሰባ ሦስቱ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 በሆኑ ወጣቶች ዘንድ ደግሞ ይህ ሞት ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ሦስተኛውን ቦታ ይዟል። የኢትዮጵያን ቁጥር በትክክል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ ሞቱ ቢመዘገብም እንኳ ቤተ ሰብ ምክንያቱን አይናገርም። ፍትሐት ይቀርብናል፣ እድርተኛው ያማናል፣ ፖሊስ ይመጣብናል የሚለው ፍርሃት ነገሩን «ድንገተኛ ሕመም» አሰኝቶ ያስቀረዋል። (ሞክሮ የተረፈው ሰው ይከሰሳል የሚለው ፍርሃት እንኳ መሠረት የለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላው ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣውን ወይም የረዳውን ነው።) እንዲህም ሆኖ፣ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት በቡታጅራና በአካባቢዋ ከተጠየቁት 10,468 ዐዋቂዎች መካከል ከመቶ 3.2 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደ ነበር ተናግረዋል። ከቁጥሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎቹ ተጠየቁ፣ መለሱም።

የአእምሮ ሕመም ሲነሣ የአዲስ አበባ ሰው አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው አማኑኤል ነው። ሆስፒታሉ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን እዚያ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በአገር ውስጥ በዚህ ሙያ ልዩ ሥልጠና ማግኘት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬም ቁጥራቸው ከሕዝቡ ብዛት ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን በሐሳብ የተጨነቀ ሰው እግሩ ወደ አማኑኤል አይመራውም። «አማኑኤል ሄደ» መባል ራሱ ስም ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከአምስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲወርድ ወይም ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ በእግሩ ወደሚደርስበት ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ይገባል። በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 አርባ ጥናቶችን መርምሮ የታተመ ጽሑፍ እንደሚለው፣ ራሳቸውን ካጠፉት መካከል ከመቶ 45 ያህሉ ከመሞታቸው በፊት ባለው አንድ ወር ውስጥ ተራ ሐኪማቸውን አግኝተው ነበር፤ የአእምሮ ሐኪም ያገኙት ግን ከአምስት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ።

ሐኪሙን አገኙት እንጂ ነገሩን አልነገሩትም። ጤና ጣቢያ የገባው ሰው «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሰውነቴ ዛለ» ይላል። የሚናገረው ሐሰት አይደለም፤ በእርግጥም ያመዋል። ደሙ ይቀዳል፣ የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ይታዘዝለታል፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ መድኃኒት ክፍል ይሄዳል። አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ በዕቅድ የሚያገለግለው 40,000 ሕዝብ ነው። በሩ ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ የጤና መኮንን ወይም ነርስ እንቅልፍ ለምን እንደ ጠፋ የሚጠይቅበት ጊዜ ያጣል።

ከዚህ ላይ ነው «የአደጋ ግምት» ቅጽ የሚመጣው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ጥያቄዎችን መደርደር፣ ለየመልሱ ነጥብ መስጠት፣ ነጥቡ ከፍ ያለውን ሰው «ከፍተኛ አደጋ»፣ ዝቅ ያለውን «ዝቅተኛ አደጋ» ብሎ መለየት። የተማረ ሰው ሁሉ የሚወደው ዓይነት ሥራ ነው። ችግሩ የሚታየው ስሌቱ ሲሠራ ነው። ለማስረዳት ያህል እንዲህ ይታሰብ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከታከሙ 10,000 ሰዎች መካከል አምስቱ ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው እንበል። ቅጹ እጅግ ጥሩ ሆኖ ከመቶው ሰማንያውን የሚይዝና ጤነኛውን በስሕተት «አደገኛ» የሚለው ከመቶው አሥር ጊዜ ብቻ ነው እንበል። ከአምስቱ አራቱን ይይዛል፤ ከቀሩት 9,995 ሰዎች ደግሞ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉትን «ከፍተኛ አደጋ» ብሎ ይመዘግባል። አራት ሰዎች በአንድ ሺህ ሰዎች ውስጥ ተደብቀው ይገኛሉ ማለት ነው። አምስተኛው ደግሞ «ዝቅተኛ አደጋ» የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ተሰናብቷል። የዚህ ሰው ነገር ነው የሚከብደው።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ፖኮርኒ የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም 4,800 የቀድሞ ወታደሮችን ለዓመታት ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1983 አሳተመ። ከነዚህ ሰዎች መካከል 67ቱ ራሳቸውን አጥፍተው ነበር፤ ነገር ግን በእጁ በነበሩት መለኪያዎች ሁሉ ቢሞክር እነርሱን ከሌሎቹ አስቀድሞ ለይቶ ማውጣት አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ሥራ የአምሳ ዓመት ምርምርን፣ ማለትም 365 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር ትንበያው ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ከመገመት እምብዛም እንዳልተሻለ ደረሰበት። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ እነዚህ የነጥብ ቅጾች ማን ራሱን እንደሚያጠፋ ለመተንበይ እንዳይሠራባቸው፣ ማን ሕክምና እንደሚገባው ለመወሰንም እንዳይውሉ በግልጽ ከልክሏል።

መሐንዲስ በዚህ አይደነቅም። በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል የተባለው ጎርፍ በየትኛው ክረምት እንደሚመጣ ማንም አይናገርም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው በረንዳ የትኛው ሕፃን እንደሚወድቅ አስልቶ ለእርሱ ብቻ መከላከያ የሚሠራም የለም፤ ብረቱ ከዳር እስከ ዳር ይሠራል። የምሕንድስና የአደጋ ግምት ጥቅሙ የሚታወቀው ለሁሉ የሚሆን ጥበቃ ሲያስገኝ ነው። ሐኪሞቹ ስሌቱን ሲዋሱ ይህ ዋናው ሳይሻገር ቀረ።

ታዲያ ጤና ጣቢያው ምን ያድርግ? የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ መመሪያ አዘጋጅቶ በ2016 አሻሽሎታል። በኢትዮጵያም በጉራጌ ዞን በሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 በተካሄደው ፕራይም በተባለው ፕሮግራም ውስጥ የጤና መኮንኖችና ነርሶች በዚሁ ዓይነት ሥልጠና የአእምሮ ሕሙማንን በጤና ጣቢያ ማከም እንደሚችሉ ታይቷል። መመሪያው በዚህ ጉዳይ ላይ የሚለው አጭር ነው። ድባቴ ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ መጠጥ ያሸነፈው፣ ለረጅም ጊዜ በሕመም የተሠቃየ፣ ወይም በከባድ ሐዘንና ጭንቀት ላይ ያለ ሰው ሲመጣ በግልጽ ጠይቀው ይላል። ሐሳቡ አለው ወይ? ዕቅድስ? የሚፈጽምበት ነገር በእጁ ይገኛል ወይ? ከዚህ በፊት ሞክሯል ወይ? ጥያቄዎቹ ቀድሞ ከነበሩት ቅጾች ብዙም አይለዩም። ልዩነቱ መልሱ ወደ ነጥብ ሳይሆን ወደ ሥራ የሚያመራ መሆኑ ነው።

መጠየቁ ግን በአማርኛ ቀላል አይደለም። ቋንቋችን ስለ ሞት ብዙ ይናገራል። «ምነው ባልተፈጠርኩ»፣ «ፈጣሪ በወሰደኝ»፣ «ኑሮ ሰለቸኝ» የሚሉ አነጋገሮች የገበያና የቡና ቃላት ናቸው፤ የሚናገራቸው ሁሉ በአደጋ ላይ ያለ አይደለም። «ዓለም በቃኝ» የሚለው ሰው ሊመንን ያሰበ ሊሆን ይችላል። (አዲስ አበባም ስሙን ለወህኒ ቤት ሰጥታው ኖራለች፤ ያ ወህኒ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል።) ስለዚህ ባለሙያው ቃሉን ሰምቶ ማለፍም መደንገጥም አይገባውም፤ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። «እናቴ፣ ይህን ሁሉ ችለው እንዴት ከረሙ?» ይላል። ቀጥሎ «አንዳንዴ ምነው ባረፍኩ ያሰኝዎታል?» መልሷ አዎን ከሆነ «በራስዎ ላይ አንድ ነገር ለማድረግ አስበው ያውቃሉ?» ይላል፤ በመጨረሻም ቃሉን ሳይሸፍን «ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ብሎ ይጠይቃል። የተሸፈነ ጥያቄ የተሸፈነ መልስ ያመጣልና።

ብዙ ባለሙያ የመጨረሻውን ጥያቄ ይፈራዋል። ያላሰበውን ሰው ማሳሰብ ይመስለዋል። ፍርሃቱ የደግ ሰው ፍርሃት ነው፤ ግን ተመርምሮ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ እንዲያውም ሊያቀልለው ይችላል። ለብቻው ሲብሰለሰል የኖረ ሰው በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው፣ ነገሩ ሊነገር የሚችል መሆኑን ይረዳል። በሩን የሚዘጋው ከጥያቄው በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። «ኧረ በስመ አብ! ይህ ኃጢአት አይደለም እንዴ?» ያለ ባለሙያ ሁለተኛ መልስ አያገኝም። ሃይማኖት ግን ከዚህ ውጭ ነው ማለት አይደለም። «እስከ ዛሬ ምን አቆየዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ «ፈጣሪን ፈርቼ»፣ «ልጆቼን ለማን ልተዋቸው» የሚል ሰው የቆመበትን መሠረት እያሳየ ነው፤ ይህን በመልስ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። የንስሐ አባትም ቢሆን ታማሚው ከፈቀደ በዚህ ሥራ ረዳት ነው። ጠበልና መድኃኒት በአንድነት ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያምኑ ካህናትና ሐኪሞች በዚህ ከተማ አሉ።

አሁን ወደ መሐንዲሱ ድርሻ እንምጣ። ይህ ሁሉ ጥያቄ የሚጠየቀው በክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ምን ይመስላል? ብዙ ጊዜ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ባለሙያ፣ ሁለት ታማሚ፤ መካከሉ በመጋረጃ ወይም በስስ ኮምፔንሳቶ የተከፈለ፤ በሩን ባለ ተራው በየጊዜው ከፈት የሚያደርገው። አግዳሚው ወንበር በሩ ሥር ስለ ተተከለ ውስጥ የሚባለው ውጭ ይሰማል። አምስት ኪሎና አካባቢው ደግሞ ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት አሮጌ ሰፈር ነው፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ሴት የታማሚው ጎረቤት ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቢነበብ ባይነበብ ለውጥ የለውም። የጤና ጣቢያን ፕላን የሚያወጣ ባለሙያ ለራጅ ክፍሉ ግድግዳ ይጨነቃል፤ ጨረሩ እንዳያልፍ ውፍረቱን ያሰላል። ድምፅ የማያልፍበት አንዲት ጠባብ ክፍል ብትጨመር ከጠቅላላው ወጪ ላይ የምትጨምረው እጅግ ትንሽ ነው። በተሠራው ሕንፃ እንኳ አግዳሚውን ከበሩ ማራቅ፣ ስሱን ክፍልፋይ በብሎኬት መተካትና በሩን ከውስጥ የሚዘጋ ማድረግ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ድርሻ ከዚህ ይሰፋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲበረታ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ይበረታል፣ ይወርዳል። በዚያ አጭር ጊዜ በሰውየውና በጎጂው ነገር መካከል ርቀት ከተገኘ ብዙው ይተርፋል። በመጀመሪያ ያሳዩት ሳይታሰብ የእንግሊዝ የጋዝ መሐንዲሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በየቤቱ ይሠራበት የነበረውን ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ መርዛማ ጋዝ ከባሕር በተገኘ መርዝ የሌለው ጋዝ ተኩት፤ ምክንያታቸው ዋጋው ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ በዓመት ራሳቸውን የሚያጠፉት ሰዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1963 ከነበረበት 5,714 በ1975 ወደ 3,693 ወረደ። በስሪ ላንካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ከመቶ ሺህ ሕዝብ 47 ደርሶ የነበረው ቁጥር፣ መንግሥት እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ ተባይ መድኃኒቶች አንድ በአንድ ከገበያ በማስወጣቱ በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከመቶው ሰባ እጅ ቀነሰ። ገበሬው አልከሰረም፤ ምርቱም አልወረደም።

ሌላ መንገድ ይፈልጋል እንጂ አይቀርም የሚል ክርክር በየትም ይነሣል። በሳን ፍራንሲስኮ ወርቃማው በር በተባለው ድልድይ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1971 የነበሩትን 515 ሰዎች፣ ማለትም ሊሞቱ ሲሉ በሌላ ሰው እጅ የተመለሱትን፣ አንድ ተመራማሪ ፈልጎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1978 አሳተመ። ከመቶው 94 የሚሆኑት ወይ በሕይወት ነበሩ ወይ በተፈጥሮ ሞት ሞተዋል። ይህ ታትሞ እንኳ መረቡ ከድልድዩ ሥር ተዘርግቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ነው። በመካከሉ የነበረው አርባ አምስት ዓመት ስለ ውበትና ስለ ወጪ ሲከራከሩ ያለፈ ነው፤ ከተከራካሪዎቹም መካከል መሐንዲሶች አልጠፉም።

በአዲስ አበባ ሕንፃው ወደ ላይ እየሄደ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶችን፣ የተማሪ ማደሪያዎችንና ሆስፒታሎችን የሚነድፉት የዚህ ማኅበር አባላት ናቸው። የሰገነቱ በር የሚቆለፍ መሆኑ፣ የደረጃው መደገፊያ ብረት በቂ ከፍታ ያለው መሆኑ፣ የሆስፒታል መስኮት እስከምን እንደሚከፈት፣ በግንባታ ቦታ የኬሚካል መጋዘን ቁልፍ በማን እጅ እንደሚያድር፣ እነዚህ ሁሉ በነዳፊውና በተቆጣጣሪው ፊርማ የሚወሰኑ ናቸው። ሐኪሙ ለታማሚው ቤተ ሰብ «መድኃኒቱንና ኬሚካሉን ቆልፉበት፣ ለብቻውም አትተዉት» ሲል የሚያደርገው ይህንኑ ሥራ በአንድ ቤት ልክ ነው።

የሥራ ባልደረባን ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ከከተማ ርቆ በመንገድ ሥራ ካምፕ ለዓመታት የሚኖር ወጣት መሐንዲስ፣ ወይም ከገጠር መጥቶ ስካፎልዲንግ ላይ የሚውል የቀን ሠራተኛ፣ ሐኪም ከማየቱ በፊት የሚያየው አለቃውን ነው። እንቅልፍ ማጣቱን፣ ከሰው መራቁን፣ ዕቃውን ለሰው ማደሉን ያየ አለቃ ከላይ የተነገረውን ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለመጠየቅ የሕክምና ዲግሪ አያስፈልግም። መልሱ አዎን ከሆነ ለብቻው አይተወውም፤ አብሮት እስከ ጤና ጣቢያው ይሄዳል፣ ከዚያም ካስፈለገ ወደ አማኑኤል፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ።

የመጨረሻው ነገር ክትትል ነው፤ ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የተረሳው እርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪ ላንካ፣ በኢራንና በቻይና ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ሆስፒታል የገቡ 1,867 ሰዎችን ይዞ ሙከራ አደረገ። እኩሌታዎቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። የቀሩት ደግሞ ከዚያ በላይ የአንድ ሰዓት ያህል ምክርና በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል «እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ» መባልን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት፣ በአሥራ ስምንተኛው ወር ራሳቸውን ያጠፉት ከመጀመሪያዎቹ መካከል ከመቶ 2.2፣ ከሁለተኛዎቹ መካከል ከመቶ 0.2 ነበሩ። መመሪያውም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየሳምንቱ መገናኘትን ያዛል። በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ የታማሚው ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ የሚያምነው ሰው ስልክ የሚጻፍበት ሁለተኛ መስመር ቢጨመር የማተሚያ ቤት ወጪ እንኳ አይጨምርም። የሚደወለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነርሷ የግል ስልክ ነው፤ የካርዱንም ሂሳብ የምትሞላው ከደመወዟ ነው።